ልጅ ያቦካው ሊጥ፦ የወጣቶች ጠባይና ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት

(በመምህራንና በወላጆች ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለውን አባባል ሳይሰማ ያደገ የአገር ልጅ ጥቂት ነው። አባባሉ ልምድ የሌለው ሰው የጀመረው ሥራ ለቁም ነገር እንደማይደርስ ለማስጠንቀቅ የተነገረ ነው፤ እንደ ማስጠንቀቂያም እውነትነት አለው። ነገር ግን የማይመልሰው አንድ ጥያቄ አለ። ልጅ ያቦካው ለእራት የማይበቃ ከሆነ፣ ልጁ ማቡካትን የሚማረው መቼ ነው? በልጅነቱ ከቡሃቃው አጠገብ የተባረረ ሰው ጢም ስላወጣ ወይም ለትዳር ስለታጨ ብቻ በአንድ ጀንበር ባለሙያ አይሆንም። ይልቁንም ከሊጡ ይበልጥ የሚያሳስብ ሌላ ነገር አብሮት ያድጋል። ይኸውም «የእኔ እጅ ያረፈበት ነገር አይበቃም» የሚል እምነት ነው።

የዚህ ንግግር ጉዳይ ይህ እምነት ነው። በጉርምስና ዕድሜ የሚገኝ ልጅ መልካም ጠባይ እንዲይዝና ለራሱ ጤናማ ግምት እንዲኖረው ወላጅና መምህር ምን ሊያደርጉ ይችላሉ? ሁለቱ ነገሮች፣ ማለት ጠባይና ለራስ የሚሰጥ ግምት፣ ብዙ ጊዜ ተለያይተው ይነገራሉ። ጠባይ ለተግሣጽ፣ ግምት ደግሞ ለምስጋና የተተወ ይመስላል። በእውነቱ ግን የአንድ ሊጥ ዱቄትና ውሃ ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይቦካም።

በመጀመሪያ ስለ ዕድሜው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ያለውን ጊዜ የጉርምስና ዕድሜ ይለዋል። የአካል ለውጥ በሴት ልጅ ባብዛኛው ከ8 እስከ 13 ዓመት፣ በወንድ ልጅ ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል። ቁመት ይጨምራል፣ ድምፅ ይጐረንናል፣ ፊት በብጉር ይወረራል። የአእምሮ እድገት ግን ከአካል እድገት ጋር እኩል አይራመድም። ውጤትን አስቀድሞ የሚመዝነውና ስሜትን የሚገታው የአንጎል የፊተኛው ክፍል እድገቱን የሚፈጽመው ሰው ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ በሃያዎቹ አጋማሽ ገደማ ነው። ስለሆነም ቁመቱ ከአባቱ የተስተካከለ ልጅ ፍርዱም ከአባቱ እንዲስተካከል መጠበቅ ተፈጥሮ ያላበደረችውን ዕዳ እንደ መጠየቅ ይቆጠራል።

ኤሪክ ኤሪክሰን የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ የዚህን ዕድሜ ዋና ፈተና የማንነት ፈተና አድርጎ አቅርቦታል። ልጁ ትናንት የነበረውን፣ ዛሬ የሆነውንና ነገ ሊሆን የሚችለውን አገናኝቶ አንድ ሰው መሆን አለበት። ይህን የሚያደርገው ብቻውን ተቀምጦ አይደለም። በሌሎች ዓይን ውስጥ ራሱን እየፈለገ ነው። የእናቱ ቃል፣ የመምህሩ ፊት፣ የጓደኞቹ ሳቅ፣ ዛሬ ደግሞ በእጁ የያዘው ስልክ ሁሉ መስተዋት ይሆኑታል። መስተዋቶቹ የሚያሳዩት መልክ ከተጣመመ ልጁ ጥፋቱ የመስተዋቱ መሆኑን አያውቅም፤ መልኬ ነው ብሎ ይቀበለዋል።

ለመሆኑ ለራስ የሚሰጥ ግምት ሲባል ምን ማለት ነው? አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1890 በአንድ ቀላል ስሌት ገልጾት ነበር። ሰው ለራሱ የሚሰጠው ግምት፣ የተሳካለት ነገር ሊሆን ለሚመኘው ነገር ሲካፈል የሚገኘው ነው። እንግዲህ ምኞቱ እንደ ተራራ ሆኖ የሠራው እንደ ጉብታ ያነሰበት ልጅ ራሱን ይንቃል። ከዚህ ስሌት ሁለት መንገዶች ይወጣሉ፤ አንደኛው የልጁን ሥራ ማሳደግ፣ ሁለተኛው የሚጫንበትን ምኞት በልክ ማድረግ ነው። ሥራውን ሳይሠራ በባዶው ማወደስ ግን በስሌቱ ውስጥ ቦታ የለውም።

ይህ ሐሳብ በአንድ ታላቅ ሙከራ ተፈትኗል። የካሊፎርኒያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1986 ለራስ የሚሰጥን ግምት የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋመ። የወጣቶች ግምት ከፍ ቢል ወንጀል፣ ሱስና ከትምህርት መቅረት ይቀንሳሉ የሚል ታላቅ ተስፋ ነበር። በብዙ ትምህርት ቤቶችም ልጆችን በምክንያትም ያለ ምክንያትም ማሞገስ ልማድ ሆነ። ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስበው ሲመረምሩ ግን ነገሩ በአብዛኛው የተገላቢጦሽ ሆኖ ተገኘ። ከፍ ያለ ግምት ጥሩ ውጤት የሚያመጣ ከመሆኑ ይልቅ ጥሩ ሥራ ከፍ ያለ ግምትን የሚያስከትል ሆኖ ታየ። ይህ ማለት ልጅን ማዋረድ አይጎዳም ማለት አይደለም። ለራስ የሚሰጥ ግምት በንግግር ብቻ ከውጭ የሚፈስ ሳይሆን፣ ልጁ በራሱ እጅ ከሠራው የሚመነጭ መሆኑን ያስገነዝባል።

ይህ ጉዳይ በአገራችን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የብሔራዊ ፈተና ታሪክ ይመሰክራል። በ2008 ዓ.ም. የፈተና ጥያቄ አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ በመውጣቱ ፈተናው ተሰርዞ በሌላ ጊዜ እንዲሰጥ ተደርጓል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ተማሪዎች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ እንዲፈተኑበት ተደረገ። ውጤቱ በጥር 2015 ዓ.ም. ሲገለጽ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የ2015 ዓ.ም. ውጤት 3.2 በመቶ፣ የ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ።

የእነዚህ ቁጥሮች ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። የመጻሕፍት እጥረት፣ የመምህራን ኑሮና ዝግጅት፣ በወረርሽኝና በጦርነት የባከኑ የትምህርት ወራት ሁሉም ድርሻ አላቸው። ለዚህ ንግግር የሚያስፈልገው ግን ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለው ልጅ ነው። ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና የሚበልጡት በአንድ ቀን «አልበቃችሁም» ተብለዋል። ከእነዚህ መካከል ለዓመታት በትጋት ያጠና አለ፤ ለዓመታት ከጎረቤቱ ወረቀት ሲገለብጥ የኖረም አለ። በቀኑ መጨረሻ ሁለቱም እቤታቸው ገብተው ከእናታቸው ፊት ቆመዋል። እናቲቱ በዚያች ሰዓት የተናገረችው ቃል ከፈተናው ነጥብ ይልቅ ብዙ ዘመን ይኖራል።

ኩረጃ ብዙ ጊዜ የጠባይ ጉድለት ብቻ ተደርጎ ይታያል። ጉድለት መሆኑም አይካድም፤ የሌላውን ልፋት መስረቅ ነው። ነገር ግን የሚኮርጅ ልጅ ዓይኑን ወደ ጎን ባዞረ ቁጥር ለራሱ አንድ ነገር ይነግረዋል። «የእኔ አይበቃም» ይለዋል። ደጋግሞ የተናገረውንም ያምነዋል። ፈተናውን አልፎ ቢደሰት እንኳ ደስታው የራሱ አይደለም፤ ምስጋናውን ሲቀበል ምስጋናው የተጻፈው በሌላ ሰው ስም መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ኩረጃ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይሰርቃል። ከጎረቤት መልሱን፣ ከኮራጁ ደግሞ ራሱን። ለልጁ መልስ እንዲደርሰው ገንዘብ የሚከፍል ወላጅ፣ አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ፈታኝም ልጁን የረዱት ይመስላቸዋል። በእርግጥ የነገሩት «አንተ በራስህ አትችልም» ብለው ነው። ከዚህ የከፋ ስድብ ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ አንድ ጥናት ማንሳት ተገቢ ነው። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት የአምስተኛ ክፍል ልጆች የተሰጣቸውን ሥራ ከሠሩ በኋላ ከፊሎቹ «ጎበዝ፣ ብልህ ነህ» በሚል ዓይነት ቃል፣ ከፊሎቹ ደግሞ «በርትተህ ሠርተሃል» በሚል ዓይነት ቃል ተመሰገኑ። ቀጥሎ ከባድ ሥራ ተሰጥቷቸው ብዙ ተሳሳቱ። ስለ ብልህነታቸው የተመሰገኑት ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፤ ስለ ትጋታቸው የተመሰገኑት ግን ጸኑ። ይበልጥ የሚያስደንቀው ቀጥሎ የታየው ነው። ልጆቹ ውጤታቸውን ለሌላ ትምህርት ቤት ልጆች እንዲጽፉ ሲጠየቁ፣ ስለ ብልህነታቸው ከተመሰገኑት ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት ነጥባቸውን ከፍ አድርገው ዋሹ። ስለ ትጋታቸው ከተመሰገኑት መካከል የዋሹት ከዚያ እጅግ ያነሱ ነበሩ። ጥናቱ የተደረገው በሌላ አገር ልጆች ላይ ስለሆነ እንዳለ ወደዚህ አምጥቶ መለጠፍ አይገባም። ሆኖም የሚያሳየው ጎዳና ግልጽ ነው። «ብልህ» የሚል ማዕረግ የተሸከመ ልጅ ማዕረጉን እንዳያጣ ይፈራል፤ ፍርሃቱም ወደ ውሸት ይወስደዋል። እንግዲህ ለግምቱ ተብሎ የተሰጠ ምስጋና ጠባዩን ሊያበላሽ ይችላል።

አሁን ወደ ቤት እንለፍ። ስታንሊ ኩፐርስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ጥናት ለራሳቸው ከፍ ያለ ግምት ያላቸው ልጆች ያደጉባቸው ቤቶች በሦስት ነገሮች ይመሳሰሉ እንደነበር ገልጿል። አንደኛ፣ ልጁ እንዳለ ተቀባይነት አለው። ሁለተኛ፣ የቤቱ ሕግ ግልጽና የጸና ነው። ሦስተኛ፣ በሕጉ ወሰን ውስጥ ልጁ የራሱ አስተያየትና ምርጫ ይከበርለታል። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ሲሰማ ይገረማል። ሕግ ግምትን የሚቀንስ ይመስለዋልና። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ ወሰን የሌለው ቤት ለልጁ የሚነግረው «ብትቀርም ብትመጣም ለእኛ አንድ ነው» የሚል ነው። ሁለት ሰዓት ግባ የተባለና ቢዘገይ በር ላይ የሚጠብቀው ልጅ ግን ቢነጫነጭም የሚፈለግ ሰው መሆኑን ያውቃል።

ስለ ተቀባይነት ደግሞ አባቶች «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» ብለዋል። በተግባር ግን በብዙ ቤት የሚሰማው ሌላ ነው። «የእነ እገሌን ልጅ አታይም? ያንተኑ ዕድሜ አይደለም ወይ?» ይባላል። እናት ይህን የምትለው ልጇን ለማበርታት ነው። ልጁ ግን የሚሰማው «ያኛው ልጅ በሆንክልኝ» የሚለውን ነው። ማወዳደር ካስፈለገ ልጁን ከራሱ ጋር ማወዳደር ይሻላል። «ባለፈው ወር ይህን ሒሳብ አትሞክረውም ነበር፤ ዛሬ እስከ ግማሹ ደርሰሃል» የሚል ወላጅ ውሸት አልተናገረም፤ ልጁንም አላዋረደም።

ተቀባይነት ማለት ጥፋትን ማለፍ ማለት አይደለም። ጥፋቱን ከአጥፊው መለየት ማለት ነው። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ለመጽሐፍ የተሰጣትን ገንዘብ ለሌላ ነገር አውላ ዋሸች እንበል። አባቷ «አንቺ ሌባ» ቢላት ስም አወጣላት፤ ስም ደግሞ ይለበሳል። «ያደረግሽው ልክ አይደለም፤ ካንቺም አይጠበቅም። ገንዘቡን እንዴት አድርገሽ እንደምትመልሺ አስቢና ማታ ንገሪኝ» ቢላት ግን ሦስት ነገር አደረገ። ጥፋቱን ጥፋት አለ። ልጅቱ ከጥፋቷ የምትበልጥ መሆኗን ነገራት። የማቃናቱንም ሥራ በእጇ ሰጣት። ጠባይ የሚገነባው በዚህ ሦስተኛ ነገር ነው። ይቅርታ በቃል ብቻ ያልቃል፤ ካሣ ግን ያስተምራል።

በትምህርት ቤትም ነገሩ እንዲሁ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሌሎች የሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ስለሆነም ዱላ በሕግ ቦታ የለውም። ነገር ግን አለንጋውን የጣለ መምህር ሁሉ ምላሱን አልጣለም። በሰባ ልጆች ፊት «ደደብ» የተባለ ልጅ ቁስሉ ስለማይታይ ማንም አያክምለትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁን አያወጣም፤ የማያወጣ እጅም የማያውቅ እጅ ተብሎ ይቆጠራል። በአንጻሩ የተሳሳተ መልስ የሰጠውን ተማሪ «እስከዚህ ድረስ ትክክል ነህ፤ ከዚህ በኋላ የት ላይ ሳትክ?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር ስሕተትን የሚያሳፍር ነገር ሳይሆን የሥራ ደረጃ ያደርገዋል። ስሕተት የማያሳፍርበት ክፍል ውስጥ የኩረጃ ገበያም ይቀዘቅዛል።

የሥነ ምግባር ትምህርት በአገራችን ብዙ ስም ተፈራርቆበታል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ግብረ ገብ ተብሎ ይሰጥ ነበር፤ በደርግ ዘመን ቦታውን የፖለቲካ ትምህርት ያዘው፤ ከዚያም የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት መጣ። ስሙና መጽሐፉ ቢለዋወጥም ተማሪው ከመጽሐፉ ይልቅ የሚያነበው መምህሩን ነው። ስለ ሐቀኝነት አርባ ደቂቃ አስተምሮ ያላረመውን ወረቀት እንዳረመ አድርጎ ነጥብ የሚሰጥ መምህር ያስተማረው ሁለተኛውን ነው። «ቤት የለም በለው» ብሎ ልጁን ወደ በር የሚልክ አባትም እንዲሁ።

ከሁሉ በላይ ልጅ ለራሱ ግምት የሚያገኘው በእውነተኛ ኃላፊነት ነው። እውነተኛ ማለት ባይሠራው የሚጎድል ነገር ያለበት ማለት ነው። የዕድር መዋጮ አድርሶ ደረሰኝ የሚያመጣ ልጅ፣ የወር የቤት ወጪ በደብተር የምትመዘግብ ልጅ፣ የታናሽ ወንድሙን የቤት ሥራ እንዲከታተል የታዘዘ ልጅ በቤቱ ሒሳብ ውስጥ ይቆጠራሉ። ደረሰኙን አንድ ቀን ሊጥለው ይችላል፤ ሒሳቡም አንድ ወር ሊዛባባት ይችላል። ያን ጊዜ ኃላፊነቱን መንጠቅ ሳይሆን አብሮ ቁጭ ብሎ መቁጠር ያስፈልጋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህ ነው።

በዚህ ረገድ በሴትና በወንድ ልጅ መካከል ያለው ልዩነት ሳይነሳ ሊታለፍ አይገባም። በብዙ ቤት ሴት ልጅ ውሃ ቀድታ፣ ወጥ ሠርታ፣ ቤት ጠርጋ ለጥናት ስትቀመጥ መሽቷል፤ ወንድሟ የበላበትን ሳህን እንኳ አያነሳም። በዚህ አሠራር ሁለቱም ይጎዳሉ። እሷ ሥራዋ እንደ ግዴታ እንጂ እንደ ችሎታ ስለማይቆጠርላት ግምት አታገኝበትም፤ ጊዜዋም ይባክናል። እሱ ደግሞ የሚያኮራ ሥራ ስለማይሰጠው ኩራቱን ሌላ ቦታ ይፈልጋል። የወር አበባዋ ሲመጣ የሚነግራት አጥታ ከትምህርት ቤት የምትቀር ልጅም በአካሏ እንድታፍር እየተማረች ነው። እናት ወይም መምህርት አስቀድማ በግልጽ ብትነግራት ብዙ ሐፍረት ይቀራል።

ስለ ስልክም ጥቂት መባል አለበት። ዛሬ በከተማ ያለ ወጣት ራሱን የሚያይበት መስተዋት በአብዛኛው በእጁ መዳፍ ውስጥ ነው። በዚያ መስተዋት ውስጥ ሁሉም ሰው ቆንጆ፣ ሀብታምና ደስተኛ ነው። የጄምስ ስሌት እዚህ ላይ ይታወሳል፤ ስልኩ ምኞትን በየሰዓቱ ያሳድጋል፣ ሥራን ግን አያሳድግም። መፍትሔው ስልኩን ነጥቆ መቆለፍ ብቻ አይደለም። የተነጠቀ ስልክ በጓደኛ ስልክ ይተካል። አንዳንድ ጊዜ አብሮ ተቀምጦ «ይህ ሥዕል ከመነሳቱ በፊት ስንት ጊዜ የተነሳ ይመስልሃል?» ብሎ መጠየቅ ከቁልፉ ይበልጥ ይሠራል። በተጨማሪም በማዕድ ጊዜ የሁሉም ሰው፣ የአባትም ጭምር፣ ስልክ ከገበታው ቢርቅ ልጁ የሚያይበት ሌላ መስተዋት ያገኛል። ይኸውም የቤተ ሰቡ ፊት ነው።

በመጨረሻ ከላይ ወደ ተነሳው የፈተና ቀን መመለስ ተገቢ ነው። ልጁ ከግማሽ በታች አግኝቶ ቤት ገብቷል። እናቱ «ዋይ! አዋረድከኝ» ልትለው ትችላለች። «ምንም አይደል፣ ፈተናው ነው መጥፎ» ልትለውም ትችላለች። የመጀመሪያው ቃል ልጁን ይሰብረዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ይዋሸዋል። ሦስተኛ ቃል ግን አለ። «አዝነሃል፤ እኔም አዝኛለሁ። ና እራትህን ብላ። ነገ ቁጭ ብለን የቱ ትምህርት እንደጎደለህ፣ ምን መንገድ እንደቀረህ እናያለን» የሚለው ነው። ይህ ቃል ነጥቡን አይደብቅም፤ ልጁንም ከነጥቡ ጋር አይቀብረውም። መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። የአቅም ማሻሻያ ትምህርት አለ፤ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት አለ፤ እንደገና መፈተንም አለ። ሳይኮርጅ 40 ያመጣ ልጅ ኮርጆ 80 ካመጣው የሚበልጥበት ነገር እንዳለም ሊነገረው ይገባል፤ የእሱ 40 የራሱ ስለሆነ ሊጨምርበት የሚችል ነው።

የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ ልጅ ያቦካው ዛሬ ለእራት ላይበቃ ይችላል። ሊጡ ይቀጥናል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ከምጣዱ ይጣበቃል። ይህን እያወቀች ቡሃቃውን ለልጇ የምትሰጥ እናት አንድ እራት ታጣ ይሆናል። በምትኩ ግን ነገ በራሱ ቤት የሚጋግር፣ ለጎረቤትም የሚተርፍ ሰው ታገኛለች። ሊጡን ነጥቃ ራሷ የምታቦካው ደግሞ የዛሬውን እራት ታተርፋለች፤ ልጁ ግን ጎልምሶም ቢሆን እጁን እንደታጠበ ቆሞ የሚያቦካለትን ሰው ይጠብቃል።